እህል ባፉ ያልዞረ ሰው

ጅማ ላይ ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንገባ ሁለት ጥያቄ አለን። አንደኛው «እንዴት አደረ?» ነው። ሁለተኛው «እህል ይቀምሳል?» አስታማሚው «ይመስገነው፣ ትንሽ ትንሽ ጀምሯል» ካለ የሁላችንም ፊት ይፈታል። «ኧረ እህል ባፉ አልዞረም» ካለ ግን ድምፃችን ይወርዳል፣ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ ሌላው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ወሬውም ወደ ዝናቡና ወደ ቡና ዋጋ ይዞራል።

አሁን በአፍንጫው ቱቦ የገባለትን ሰው አስቡት። በቀን ስድስት ጊዜ አጥሚቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይገባለታል። ሆዱ ባዶ አይደለም። እንደውም ከብዙዎቻችን የተሻለ ሰዓት አክብሮ የሚበላ እሱ ነው። ጠያቂ መጥቶ «እህል ይቀምሳል?» ሲል ግን መልሱ ያው «አልዞረም» ነው። በቋንቋችን መብላት የአፍ ሥራ ነዋ። በአፍ ካላለፈ አልተበላም። ስለዚህ ሰውዬው ተመግቦም እንዳልበላ ይቆጠራል፤ ይህንንም እዚያው ተኝቶ ይሰማል።

ባለፈው ዓመት አጎቴን ስትሮክ መታቸው። ጅማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተኝተው ለ23 ቀን ቱቦ ነበራቸው፣ ሌሊት ሌሊት አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ የማወራው ነገር የትም ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሳነብና የማውቃቸውን ነርሶች ስጠይቅ ከረምኩ። የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፦ ታማሚን አንገት ከሚያስደፋው ነገር ቱቦው ራሱ ድርሻ አለው፣ ትልቁን ድርሻ የምንይዘው ግን አልጋውን ከበን የምንቆመው ሰዎች ነን። ይሄ የሚያሳፍርም ደስ የሚልም ወሬ ነው፣ ምክንያቱም የኛ ጥፋት ከሆነ የሚስተካከለውም ያለ ብዙ ብር ነው።

በነገራችን ላይ ስለዚህ ነገር ሲጻፍ የሚመጣው «ለራስ ያለ ግምት» የሚለው ቃል መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል። አልጋው አጠገብ የምትሰሙት «በምን ፊቴ ሰው አያለሁ» የሚለውን ነው። እኔም የማወራው ስለዚያ ነው።

ጎማው

ሐኪሞቹ «ኤንጂ ቲዩብ» ይሉታል። እኛ ክፍል የነበርነው አስታማሚዎች «ጎማው» ነበር የምንለው። በአፍንጫ ገብቶ በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ውስጥ የሚያርፍ ቀጭን ቱቦ ነው። ውፍረቱ «ፍሬንች» በሚባል መለኪያ ይቆጠራል፤ ሦስቱ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። 12 ቁጥር ማለት 4 ሚሊ ሜትር፣ 18 ቁጥር 6 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። አፍንጫ ውስጥ ግን አይደለም። ነርሷ ርዝመቱን ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንት ጫፍ ትለካለች። ከገባ በኋላ ሳንባ ውስጥ አለመግባቱ መረጋገጥ አለበት፦ በኤክስሬይ፣ ወይም ከቱቦው የተሳበው ፈሳሽ አሲድነቱ ተለክቶ ፒኤች 5.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን። ከዚያ ምግቡ በትልቁ ስሪንጅ፣ በ50 ወይም በ60 ሚሊው፣ ይሰጣል።

ይሄ ለአጭር ጊዜ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካለፈና መዋጥ ካልተመለሰ ቱቦው በሆድ ቆዳ በኩል በቀጥታ ወደ ጨጓራ እንዲገባ ይታሰባል። ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ እያዩ፣ ማስገባት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1980 ጋውደረርና ፖንስኪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ዘዴውን ካሳተሙ ወዲህ ነው። ኢንዶስኮፒው በሌለበት በቀዶ ጥገና ይሠራል።

ማን ያስፈልገዋል? ስትሮክ የመታው፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ ራሱን የሳተ፣ የጉሮሮ ወይም የምግብ መውረጃ ካንሰር ያለበት፣ በምግብ እጥረት ተዳክሞ የመጣና መጥባት ያቃተው ሕፃን። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ላይ መዋጥ ይቸግራቸዋል፣ አብዛኞቹ ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ለአጎቴ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እኔም አልነገርኳቸውም። የማውቀው ስላልነበረ ብቻ አይደለም። ቱቦው እንደሚገባም ለኔ ነው የተነገረኝ፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት፣ እሳቸው እየሰሙ። የቀኝ ጎናቸው ደከመ እንጂ ጆሯቸውም አእምሯቸውም ሙሉ ነበር። ንግግራቸው ስለተኮላተፈ ብቻ ሁላችንም ከላያቸው ላይ ተነጋገርን።

ታሪኩን ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እ.ኤ.አ. በ1909 የእንግሊዝ መንግሥት የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ታስረው የረሃብ አድማ የመቱ ሴቶችን በግድ መመገብ ጀመረ፤ በዚሁ ዓይነት ቱቦ፣ በአፍንጫ ወይም በአፍ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በኋላ፣ በማልታ መግለጫው፣ አእምሮው ሙሉ የሆነን የረሃብ አድመኛ ያለ ፈቃዱ መመገብን ከልክሏል። የኛ ጉዳይ የአድማ ጉዳይ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቱቦው አንድ ነው፣ የሚሄድበት መንገድም አንድ ነው። አንዱ ሕክምና፣ ሌላው ጥቃት የሚሆነው «እሺ» ያለው ማን እንደሆነ ሲታይ ነው። ታማሚው «እሺ» የማለት ዕድል ካላገኘ ውስጡ የሚቀረው ስሜት ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ገምቱት።

ፊት

ካቴተር፣ የሽንት ቱቦው ማለት ነው፣ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ግሉኮስ ክንድ ላይ ነው፣ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ተሰክቶበታል፣ አያሳፍርም። የአፍንጫ ቱቦ ግን መሃል ፊት ላይ ነው፣ መደበቂያ የለውም። ፕላስተሩ ጉንጭን ይጎትታል፣ አፍንጫ ይንጠባጠባል፣ ጉሮሮ ይከረከራል፣ ድምፅ ይሻክራል። በዚያ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ቱቦን የሚያውቀው በአንድ ትርጉም ነው፤ «ቱቦ ከገባለትማ አበቃለት።» ኦክስጅንም ላይ እንዲሁ ነው የምንለው። ጠያቂው በር ላይ ሆኖ ገና ቱቦውን ሲያይ ፊቱ የሚለወጠው ለዚህ ነው፣ ታማሚው ደግሞ መስታወት የለውም፤ መስታወቱ የጠያቂው ፊት ነው።

አጎቴ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ እየገዙ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። የሥራ ጓደኞቻቸው ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሰዎቹ «ደክሟቸዋል» ብለው ብርቱካናቸውን አስቀምጠው ወጡ። አልደከማቸውም ነበር። ገና ሲወጡ ዞሩ።

ከዚያ ስልክ አለ። የዘንድሮ የሆስፒታል ነገር ያለ ስልክ አይወራም። ውጭ ያሉት ዘመዶች «እስቲ ፎቶ አንሱና ላኩልን» ይላሉ፣ በፍቅር ነው የሚሉት፣ ግን ፎቶው ለአንድ ሰው ተልኮ ለአርባ ሰው ይደርሳል። የባሰው የእርዳታ ማሰባሰቢያው ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የምናያቸውን አስቡ፦ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ያለ ሰው፣ ግማሽ ራቁቱን፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ ሕክምና ውድ ነው፣ ቱቦው የሚታይበት ፎቶ ሆድ እንደሚያባባም አልክድም። ግን ሰውዬው ድኖ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ የሚያገኘው ያንን ፎቶ ያየ ሰፈር ነው። እኔ ብጠየቅ የምለው ግልጽ ነው፤ ታማሚው ፈቅዶ «ይሁን» ካላለ አይለጠፍ። ከፈለጋችሁ ጤነኛ ሳለ በሱፍ የተነሳውን ለጥፉ። ሰው እኮ ለሚያውቀው ፊትም ይሰጣል።

ማዕድ

የአሜሪካዊውን የፊልም ሐያሲ የሮጀር ኢበርትን ነገር አንብቤ ነበር። በካንሰር ቀዶ ጥገና ምክንያት ከ2006 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 2013 ማለት ነው፣ በአፉ መብላትም መናገርም አልቻለም፤ ሆዱ ላይ በተገጠመ ቱቦ ነበር የሚመገበው። ስለዚህ ነገር ሲጽፍ የናፈቀው ከምግቡ ይልቅ አብሮ ተቀምጦ መጫወቱ እንደሆነ ነው የተናገረው። በእነሱ አገር፣ እያንዳንዱ በየሰሃኑ በሚበላበት ማለቴ ነው፣ እንዲህ ከሆነ በእኛ አንድ ትሪ ከቦ በሚበላበት አገር ምን ሊሆን ነው?

እኛ ዘንድ ማዕድ የማዕረግ ቦታ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚቆርስ፣ ማን ለማን እንደሚያጎርስ፣ «እኔን ብላችሁ» ተብሎ የሚለመነው ማን እንደሆነ፣ ይሄ ሁሉ የሰውን ቦታ ይነግራል። የቤቱ አባወራ ሳይቆርስ ልጅ እጁን አይሰድም። ቱቦ የገባለት ሰው የሚያጣው ሽሮውን ብቻ አይደለም፤ የሚያጎርስበትን እጅ ነው። ሰው ሁሉ ሲያጎርሰኝ ኖሬ ሳልመልስ ልቀር ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

አጎቴ ላይ ደግሞ ሌላም ነበረበት። አፋቸው የሥራ መሣሪያቸው ነበር። የቡና ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው መድረቁን ያውቃሉ፣ ሲቀምሱ ከየት እንደመጣ ይገምታሉ፤ አንዳንዴ ይሳሳታሉ፣ ስህተታቸውን ግን የሚነግራቸው የለም። ያ አፍ ደርቆ፣ ምላሱ ነጭ ሆኖ፣ 23 ቀን ተቀመጠ። ሆዳችን በቱቦ ሲሞላ አፋችን ሥራ ይፈታል፣ ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥሙ አይቆርጥም። አፍን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መቦረሽ፣ ከንፈርን ማርጠብ፣ ይሄ ንጽህና ብቻ አይደለም። የአፍ ጠረኑ የሚሸትተው ሰው ማንንም ማናገር አይፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ። ብዙ ቤተሰብ አንጀቱ አልችል ብሎ ነርስ ዞር ስትል አንድ ሲኒ ቡና ወይም ውሃ ጠብ ያደርጋል። መዋጥ ያልተመለሰለት ሰው ላይ ያ ጠብታ ወደ ሳንባ ሊሄድና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ የመዋጥ ፈተናው በባለሙያ ይሠራ። የቡናው ጠረን ግን ማንንም አይገድልም። አክስቴ በፔርሙስ ቡና ይዛ መጥታ ክዳኑን አልጋው አጠገብ ስትከፍት አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱትም ያን ቀን ነው። ጥሩ ለቅሶ ይሁን መጥፎ ዛሬም አልወሰንኩም፣ ማግስቱን ግን ፔርሙሱን ራሳቸው በጣታቸው ጠቆሙ።

ስሪንጁን የያዘው እጅ

በእኛ ዋርዶች ውስጥ ምግቡን በአብዛኛው የሚሰጠው ቤተሰብ ነው። ነርሷ አንድ ጊዜ ታሳየዋለች፣ ከዚያ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም ይረከባል። አጥሚቱንም የሚያመጣው፣ በጨርቅ የሚያጠልለውም እሱ ነው። ይሄ ከፈረንጅ ጽሑፍ ላይ የማላገኘው ነገር ነው፤ እዚያ የሚጻፈው ስለ ማሽንና ስለ ባለሙያ ነው። እኛ ጋ የታማሚው ክብር ያለው ስሪንጁን በያዘው ልጁ እጅ ላይ ነው።

እና እንዴት ነው የምንይዘው? እኔ ስለ ራሴ ልናገር። ቤት ውስጥ «ጋሼ ይምጡ፣ ጋሼ ይብሉ» የምላቸው ሰው፣ ሆስፒታል ከገቡ በሦስተኛው ቀን «በልቷል፣ ተኝቷል፣ ሸንቷል» ሆኑ። ማንም አላዘዘኝም። ነርሷ «አልጋ ሰባት በልቷል?» ስትለኝ አፌ ላይ «አዎ በልቷል» መጣ፣ በቃ። ጋሼ ከመሃላችን ተኝተው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። አማርኛ እኮ ክብርን ግሱ ውስጥ ነው የደበቀው። አንዲት ፊደል ስትጎድል ስድሳ ሰባት ዓመት ይጎድላል። «ልሙላለት?» ስንልም ሰምቻለሁ፣ እንደ ጄሪካን።

አንዲት ጠና ያሉ ሲስተር ነበሩ፣ የማታ ተረኛ። እሳቸው ሲመጡ ወንበር ይስባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ እራትዎን ይዤ መጥቻለሁ፤ የገብስ ነው፣ ልጀምር?» ይላሉ። ጋሼ በግራ እጃቸው ምልክት እስኪሰጡ ይጠብቃሉ። አሥር ሰከንድ ነው። ምግቡ ያው ነው፣ ቱቦው ያው ነው። ግን «እራት» ተባለ፣ ተጠየቁ፣ መልስ ሰጡ። ቀና ማድረጋቸውም ነበር። ታማሚው ሲመገብ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት፣ ከተመገበ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ይቆያል፣ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ። ሕክምናው የሚያዘው ለሳንባ ነው፤ ቀና ያለ ሰው ግን ጣሪያ ማየት አቁሞ ሰው ማየትም ይጀምራል።

የማልረሳው መጥፎ ነገር የእጁ ነው። በሁለተኛው ሌሊት አጎቴ በእንቅልፍ ልብ ቱቦውን ነቀሉት። ጠዋት ስነቃ ደህናው እጃቸው በጎዝ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቱቦ መልሶ ማስገባት ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ሌሊት አንድ ነርስ ስንቱን ትጠብቃለች። ግን አንድ እጃቸውን ስትሮክ ወስዶባቸው ሌላውን እኛ ወሰድነው። ያን ዕለት የመጣ ጠያቂ እጃቸው ታስሮ ሲያይ አእምሯቸውን የሳቱ መስሎት ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ከማሰር በፊት የሚሞከር ነገር አለ፦ ለምን እንደገባ በየቀኑ ማስረዳት፣ ፕላስተሩ እንዳይጎትትና እንዳያሳክክ በየጊዜው መቀየር፣ እጅ ላይ ወፍራም ካልሲ ወይም ጓንት ማድረግ፣ አስታማሚ ተራ ገብቶ እጃቸውን ይዞ ማደር። እኛ ከዚያ ወዲህ እጅ ይዘን አደርን። አድካሚ ነው። ግን ቱቦው ሁለተኛ አልተነቀለም።

ረቡዕ ወተት

ከጋሼ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አንድ አባት ነበሩ፣ ከሊሙ በኩል የመጡ። ልጃቸው ይመገቡለት ብሎ ወተት ገዝቶ ይሰጣቸዋል። ቱቦው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ የሚወርደው ይታያል። ሰውዬው አንድ ቀን ነጭ ነገር ሲወርድ አዩና የልጁን እጅ ያዙ። «ዛሬ ምንድነው?» ረቡዕ ነበር። ልጁ «አባዬ ታምመዋል እኮ፣ ይፈቀዳል» አለ። እውነቱን ነው፤ የንስሐ አባትም ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ፣ ለሙስሊሙም ቁርኣን ረመዷን ላይ የታመመን ከጾም አውጥቶ ሌላ ጊዜ እንዲያካክስ ብሏል። ሰውዬውም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። የተቆጡት ስላልተጠየቁ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙት ጾም ያለ እሳቸው ቃል በስሪንጅ ተፈታ።

ይሄ የሃይማኖት ክርክር ሳይሆን የሥልጣን ጉዳይ ነው። የምግቡን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ ፍጥነቱን፣ ማን እንዲሰጠው እንደሚፈልግ፣ ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ታማሚው ይምረጥ። ሌላው ቢቀር መጋረጃ ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን እንኳን። ልጁ በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን በስልክ አገናኛቸው፣ ወተቱም ቀጠለ።

ረሃብ በአጥሚት ውስጥ

አሁን ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው ነገር። ቱቦ ያለው ሰው ሲከፋው፣ ዝም ሲል፣ ፊቱን ሲያዞር «ቢከፋው አይፈረድበትም» ብለን እናልፋለን። ርቦት ቢሆንስ?

ቱቦው እንዳይደፈን አጥሚቱን እናቀጥነዋለን፣ ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ ይሆናል። ሒሳቡን ልሥራላችሁ። ለታማሚ በአብዛኛው የሚታሰበው በኪሎ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ በቀን ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ1500 እስከ 1800 ይሆናል። በቀን ስድስት ጊዜ ሁለት መቶ ሁለት መቶ ሚሊ ብንሰጠው 1200 ሚሊ ነው። አጥሚቱ በሚሊ ግማሽ ኪሎ ካሎሪ ብቻ ቢኖረው በቀን 600 ነው የሚያገኘው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከርሞ ማን ይስቃል? እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶች ፈቅደው ለ24 ሳምንት በጎደሎ ምግብ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ፤ ከዚያም በላይ ጨለምተኛ ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት ወረደ። ማንም አልሰደባቸውም፣ ቱቦም የላቸውም። ረሃቡ ብቻውን ሠራው።

ስለዚህ «አንገቱን ደፍቷል» ከማለታችን በፊት ስንት እየገባ እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ፣ ሐኪሙ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያው ይየው። ወተት፣ ስኳር፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር ሳይወፍር ጉልበቱ ከፍ ይላል። ስኳር ሕመም ላለበት ግን በራስ አይደረግም። ሕፃናቱ ጋ ይሄ ችግር ያንሳል፣ ምክንያቱም በምግብ እጥረት ለተዳከሙ ሕፃናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ልክ አለው፣ በ100 ሚሊ 75 ኪሎ ካሎሪ። እዚያ የሚሸማቀቁት እናቶቹ ናቸው፤ «ማብላት ያቃታት» ተብለው የሚታዩ ይመስላቸዋል።

ለአንዳንዱ ደግሞ እፎይታ ነው

ቱቦ ሁልጊዜ ያሳፍራል ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። የምግብ መውረጃ ካንሰር፣ በተለይ በአርሲና በባሌ በኩል በብዛት የሚታየው፣ ሰውን የሚያስርበው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሥጋው አልወርድ ይላል፣ ከዚያ እንጀራው፣ ከዚያ ፍትፍቱ፣ በመጨረሻ ምራቅ። እዚያ ደረጃ ላይ ማዕድ ደስታ መሆኑ ይቀርና ፈተና ይሆናል፤ ቤተሰቡ «እስቲ አንዴ ብቻ፣ እኔን ብለሽ» እያለ ይለምናል፣ እሷ ትውጣለች፣ ይመለሳል፣ ሰው ፊት ታስመልሳለች። እንዲህ ላለ ሰው ሆድ ላይ የምትገባው ቱቦ ያቺን ልመና ታቆማለች። ደግሞ በልብስ ትሸፈናለች። ፊት ነፃ ይወጣል።

የራሷ ጣጣ አላት። ዙሪያዋ ይረጥባል፣ ይሸታል፣ ሙስሊሙ ስለ ውዱእ ይጨነቃል፣ ባልና ሚስት አብሮ ስለመተኛት ማንንም ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ሐኪሙም አያነሳውም። ቢያነሳ ጥሩ ነበር።

ሆድ ላይ ያለ ቀዳዳ ሲነሳ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1822 አሜሪካ፣ ማኪናክ ደሴት ላይ በጥይት ተመታና ቁስሉ ሳይዘጋ ጨጓራው በቀዳዳ የሚታይ ሆኖ ቀረ። ያከመው ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ምግብ በክር እያሰረ በቀዳዳው እያስገባ እያወጣ ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ ለዓለም አስተማረ። ለሳይንስ ትልቅ ነገር ነው። ሰውዬው ግን በ1880 ሲሞት ቤተሰቡ ሐኪሞች እንዳይወስዱት ሬሳው እስኪበላሽ ድረስ አቆይቶ ነው የቀበረው። ከተመታ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ባይቀረውም እንደ ዕቃ መታየቱን ቤተሰቡ አልረሳም። ሐኪሞች ራውንድ ሲዞሩ ብርድ ልብሱን ገልጠው ለተማሪዎች ቱቦውን ሲያሳዩ፣ «ይፈቅዳሉ?» ሳይሉ፣ ይሄ ታሪክ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። ጅማ የማስተማሪያ ከተማ ናት፣ ተማሪ መማር አለበት፤ መጠየቅም ይማር።

በአጎቴና ሆዳቸው ላይ ቱቦ በሚገባላቸው በነዚያ የካንሰር ሕመምተኞች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ለአጎቴ ማብቂያ ነበረው። በዘጠነኛው ቀን አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ይሄ ለዘለዓለም አይደለም፣ አብዛኛው ሰው ላይ መዋጥ በሳምንታት ይመለሳል፣ በየሳምንቱ እንሞክራለን» አላቸው። ከዚያ በኋላ ሰኞን መቁጠር ጀመሩ። ጓደኞቻቸው ሲመጡም ግድግዳው ቀረ። በ23ኛው ቀን ቱቦው ወጣ፤ መጀመሪያ እርጎ በማንኪያ ተሰጣቸው፣ ወፈር ያለ ነገር ከውሃ ይልቅ ይዋጣልና። ማብቂያ የሌለው ሰው ጋ ምን ይባላል? እኔ እንጃ ከማለት ሌላ ሰው ያደረገውን ልንገራችሁ።

ከእኛ ክፍል ፊት ለፊት ሴቶች ክፍል ውስጥ ከቦንጋ የመጡ እናት ነበሩ፣ ካንሰሩ ያለባቸው። ሆዳቸው ላይ ቱቦ ተደርጎላቸው ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ከልጃቸው ጋር ኮሪደር ላይ ተዋውቀን እስከ ዛሬ እንደዋወላለን። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲመጣ እናትየውን ጓዳ አስገብቶ ነበር የሚመግባቸው፣ እንዳይታዩ ብሎ፣ ለክብራቸው ብሎ። በኋላ እሳቸው ራሳቸው ከለከሉት። አሁን ከሰዓት ቡና ሲፈላ ከእንግዳው ጋር ሳሎን ይቀመጣሉ። አቦል ሲቀዳ ስሪንጁም ይቀዳል፣ በሻሽ ሥር፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ። ቱቦው የሚታጠብበት 30 ሚሊ ውሃ ደግሞ የሚገባው በቶና ነው።